ቤቱ እንዳለ ይታይ

ነገሩ የተበላሸው የጎረቤታችን አዲስ ሶፋ በበራችን በገባበት ጠዋት ነው።

ኑዛዜ ከዚህ እንደማይጀመር አውቃለሁ። ቃሌን የሚጽፍልኝ የሥራ ባልደረባዬ፣ የሒሳብ አስተማሪው፣ «መጀመሪያ ስለ አእምሮሽ እንበል» ብሎኛል። እሺ፣ እንበል። እኔ የኬሚስትሪ አስተማሪዋ፣ ደሜን የሚበላው በሽታ ጉልበቴን ቢወስድም አእምሮዬን አልነካውም። ማንም ሳያስገድደኝ፣ ማንም ሳያባብለኝ፣ ቀኑና ዓመቱ ከራስጌ እንደሰፈረው፣ ዛሬ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ በተከራየሁት ቤት አልጋዬ ላይ ተደግፌ እናዘዛለሁ። አእምሮዬ ሙሉ ነው። ልቤም ሙሉ ነው ብዬ ግን አልዋሽም።

አሁን ወደ ሶፋው። ሶፋው ሙሽሮች ያዘዙት ነበር፤ ላስቲኩ እንኳ አልተላጠም። ያን ቀን ከሕዝብ እርዳታ ጽሕፈት ቤት ቤት ለቤት እየዞረች የምታይ ሠራተኛ ልትመጣ ነበር። ድምቢጥ ብዬ የምጠራትን ልጄን ገና ሩጫ ሳትጠግብ ክፉ ትኩሳት ጣላት፤ ነፍሷን ትቶ ጆሮዋን ወሰደ። ሐኪሟ «የማዳመጫ መሣሪያ ቶሎ ካገኘች አፏን ትፈታለች። ከዘገየ ግን እንጃ» አለኝ። መሣሪያውም ሆነ ንግግር የሚያስተምረው ትምህርት ቤት ከጀማሪ አስተማሪ አቅም በላይ ስለሆነ ለሕዝብ እርዳታ አመለከትሁ። እነርሱም «ቤትሽን እናያለን» አሉ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። «እንግዳ ባዶ ቤት አይቀመጥም» ብሎ ከጎረቤታችን ከሶፋ ሠሪው ሶፋውን ተዋሰ። ሶፋው ምንጣፍ ጠራ፣ ምንጣፉ ማቀዝቀዣ ጠራ። የማቀዝቀዣው ገመድ ሶኬቱ ጋ አልደረሰም፤ ለመታየት ነውና ማንም አልተጨነቀበትም። እኔ በዚያ ሰዓት ክፍል ገብቼ ስለ አሲድና ስለ ጨው አስተምራለሁ። ስመለስ ሶፋውን ሁለት ሰዎች ተሸክመው ሲወጡ በሩ ላይ ተገጣጠምን።

«ምንድን ነው ይሄ አባዬ?»

«አኮራሁሽ» አለኝ ፊቱ በርቶ። «ሴትዮዋ እንኳ ‹እንዲህ የተሰናዳ ቤት ማየት ደስ ይላል› ብላ ነው የወጣችው።»

በማግስቱ ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ ሶፋው የሰው ነው፣ ምንጣፉም የሰው ነው ብዬ ተናገርሁ። በመስኮቱ በኩል የነበረው ሰውዬ ሳቀብኝ። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው፣ እህቴ። ባዶ ቤት ስናይ ‹ዕቃው ተሰርቆብን ነው› ይሉናል፤ ሙሉ ቤት ስናይ ‹የሰው ነው› ይሉናል።» የልጄ ፋይል ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ እየተመላለስሁ ጫማዬ አለቀ። በመጨረሻም እኔው ታመምሁ።

አባቴን የምወቅሰው ልጄን ስላልወደዳት አይደለም። የለበሰችውን ሁሉ የሰፋላት እርሱ ነው። «ተይው፣ እኔ ሰፍቼ እገዛላታለሁ» ብሎ ማሽኑ ላይ ጎብጦ ቀረ። ዓይኑ እስኪደክም ሰፋና ከገበያ አንድ መሣሪያ ገዝቶ መጣ። መሣሪያው ጆሮዋ ውስጥ ማፏጨት እንጂ ሌላ አያውቅም ነበር። ልጄ አውጥታ ባልዲ ውስጥ ጣለችው። አባቴ ባልዲው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ውሃውን ሲያይ ቆየ። ያን ቀን ተቆጥቼው ነበር፤ ዛሬም ተቆጥቼዋለሁ፤ ያን ጎንበስ ያለ ጀርባውን ግን ባሰብሁ ቁጥር አዝንለታለሁ።

እንግዲህ ያለኝን ላካፍል። ብዙ አይደለም፤ አትቸኩሉ።

ካፖርቴና የክረምት ጫማዬ ለታላቅ እህቴ ይሁኑ። እህቴ በሰው ቤት ልብስ ታጥባለች፤ ሌሊቱ ሳይነጋ የምትወጣው እርሷ ስትሆን ካፖርቱ የነበረው እኔ ዘንድ ነው። እናታችን ስትሞት አንዳችን ብቻ መማር የምንችል ሆነን «እሷ ትማር፣ እኔ እጄ ጠንካራ ነው» ያለችው እርሷ ናት። እጇ ጠንካራ አልነበረም። ያኔ ልጅ ነበረች።

መጻሕፍቴን ተማሪዎቼ ይካፈሏቸው። ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የተዋስኋቸው ግን አልጋዬ ሥር ናቸው፤ ለቤተ መጻሕፍቱ ይመለሱ። አባዬ፣ ይህን ስል ራስህን አትነቅንቅ። እነዚህን መጻሕፍት ስዋስ ማንም ለማኝ አላለኝም። የመንገድ መብራት ሥር ስንሄድም፣ ከሠፈሩ ቧንቧ ስንቀዳም፣ ማንም ገመናችን ተገለጠ አላለም። ግብሩን አብረን ከፍለናል፤ አንተማ በዚያ ማሽን ዕድሜህን ሙሉ ከፍለሃል። የልጅ ጆሮ ላይ ስንደርስ ብቻ እንዴት ውርደት ሆነ?

ሬዲዮኑ ለድምቢጥ ነው።

(እዚህ ላይ አባቴ ተናግሯል። የተናገረው እንዲጻፍ አዝዣለሁ።)

«ለማትሰማ ልጅ ሬዲዮ? ምነው ልጄ፣ ዜና እንኳ በምን ልሰማ?»

«ጉንጯን ሣጥኑ ላይ ለጥፋ መንቀጥቀጡን ነው የምትሰማው፣ አባዬ። ዘፈን ሲሆን ትስቃለች፤ ዜና ሲሆን ጥላው ትሄዳለች።»

«እሱስ ብልህ ናት» አለ ለምስክርነት የመጣው ጎረቤታችን ሶፋ ሠሪው፤ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁና ሳሉ ያዘኝ። ቤት ድረስ እየመጣች የምታክመኝ ነርስ ትራሴን ካስተካከለች በኋላ ቀጥለናል።

የልጄን አባት፣ ሾፌሩን በተመለከተ። ሆዴ ሳይገፋ «ልጅ ለማሳደግ መንግሥት አለ፣ አንቺ ደግሞ የተማርሽ ነሽ» ብሎኝ ሄደ። ልጄን አይቷት አያውቅም። ነገ ተነሥቶ «ልጄን አምጡ» ቢል ይህ ቃል ይነበብለት። የሕዝብ እርዳታ አባት ለመሸሽ የሚወጣበት የኋላ በር አይደለም፤ እርሱ ግን በር አደረገው። አንዱ ወንድ «መንግሥት ያሳድጋት» ብሎ ወጣ፣ ሌላው «መንግሥት አያሳድጋትም» ብሎ በሩን ዘጋ፤ ልጄ በሁለቱ መካከል ዲዳ ሆና አደገች። ስሟን ብጠራት አትዞርም። መሬቱን በእግሬ መታ መታ ሳደርግ ነው የምትዞረው። አሁን ደግሞ እግሬ መሬት መምታት አቅቶታል። ልጄ ድምፄን ሳትሰማ እሞታለሁ። ይህን ማንም ሊመልስልኝ አይችልም፤ ከማንም አልጠይቅም።

የምጠይቀው ሌላ ነው። እኔ ማመልከቻዬን አድሼ፣ ነርሷም ስለ እኔ ተከራክራ፣ ጎብኚዋ ሠራተኛ በመጪው ሐሙስ እንደገና ትመጣለች። እስከዚያ መቆየቴን እጠራጠራለሁ። ስለዚህ ዋናው ቃሌ ይህ ነው፤ በደንብ ይጻፍ። የዚያን ቀን ቤቱ እንዳለ ይታይ። የሚያፈሰው ጣራ ሥር ያለው ሳፋ አይነሣ። ግድግዳው ላይ ጨርቅ አይሰቀል። ድምቢጥ የክት ልብስ አትልበስ። ሬሳዬ ገና ካልወጣ ሬሳዬም ይታይ።

«ጋሼ፣ ሰምተዋል?» አልሁት ሶፋ ሠሪውን።

«እኔኮ ሶፋ ያዋስኩ መስሎኝ ነው» አለ። «የልጅ አፍ የዘጋሁ መች መሰለኝ። ከእንግዲህ በርጩማም አላውስ።»

አባቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከግድግዳው ተጣብቆ ቆሟል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ከእኔ ይልቅ እርሱ ነው የሚተርተው፤ ነገር ግን ለሰው ሲተርት ነው።

«ልጄ፣ የቤት ገመና ለባዕድ አይሰጥም» አለ። «ሽፋኑ የተቀደደ ልብስ እንኳ ገልብጠው ይሰፉታል። ሰው ምን ይላል? ወላጅ የሌላት፣ አሳዳጊ የሌላት ይላታል።»

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ድምቢጥን ላንተ ላወርስህ እፈልጋለሁ። ከሁሉም አብልጠህ ትወዳታለህ። እነዚህ ምስክሮች ፊት አንድ ቃል በል፤ ሐሙስ ለሴትዮዋ የምትላትን። ‹ቸግሮናል፣ እርዱን› በል።»

ወደ በሩ ተመለከተ።

«አባዬ።»

«እ…» አለ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፣ ጣቱ ላይ ጠቀለለ፣ ፈታ። ድምቢጥ ተነሥታ ሱሪውን ይዛ ወደ አፉ ቀና ብላ ታይ ነበር፤ አፍ ማየት ልማዷ ነው። ሁላችንም አፉን አየን።

«ይኼን ብቻ በል አትበይኝ፣ ልጄ» አለና ወጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲናፈጥ ይሰማኛል፤ ይህ ሲጻፍም እዚያው ነው።

ስለዚህ፣ እያለቀስሁ እንጂ ደስ እያለኝ ሳይሆን፣ የልጄ የድምቢጥ አሳዳጊና አሳዳሪ ታላቅ እህቴ ትሁን ብያለሁ። ተጠይቃለች።

«እትዬ፣ እርዱን ትያለሽ?»

«እጮህባቸዋለሁ» አለች። «የሰው እድፍ ሳጥብ ያላፈርኩ ለዚች ልጅ ስል ላፍር? ልብስ ሳጥብ ዘፈን የለመደው ጉሮሮዬ ለምን ሆነና!»

እህቴ፣ ምክሬን ስሚ። የሚሰጡሽን ሳትሽኮረመሚ ተቀበይ፤ ሲዘገይ ደጋግመሽ ሂጂ፤ ሲያመናጭቁሽ የሚያመናጭቅሽን ሰው የሥራ ድርሻ ጠይቂና ለአለቃው ንገሪ። በእርዳታ ላይ ብቻ ግን ተደግፈሽ አትተኚ። መሣሪያው ጆሮ ይሆናታል፣ ተረት ግን አያወራላትም። ትምህርት ቤቱ ፊደል ያስቆጥራታል፣ ስትታመም ግን ግንባሯን አይዳስስም። ያ ያንቺ ነው፤ የአባዬም ነው። አባዬን ከልጄ አትለይው። ልብሷን ይስፋላት፣ ከትምህርት ቤት ይመልሳት፣ አብሯት ይብላ። ስለ እርሷ መወሰን ብቻ ነው ያልተፈቀደለት። ሲሞት ከእኔ አጠገብ ቅበሩት። ይህን ስናገር እንዳይሰማኝ ደጅ በመሆኑ ደስ ብሎኛል።

የማስተምርበት ነጭ ጋውኔ ድምቢጥ ስታድግ ይሰጣት። ብታፍርበት ትቅደደው።

ሌላ ሀብት የለኝም።

ይህ ቃል ስናገረው ተጽፎ፣ እኔና ምስክሮቼ ባለንበት ተነቦልኝ፣ የእኔ ቃል መሆኑን አረጋግጫለሁ።

ምስክሮች፦
ጸሐፊውና የሒሳብ አስተማሪው፣ ፈርሟል።
በየቤቱ እየዞረች ሕመምተኛ የምታክመው ነርስ፣ ፈርማለች።
ጎረቤቴ ሶፋ ሠሪው፣ የመጀመሪያው ስለተበላሸበት ሁለት ጊዜ ፈርሟል።

ከዚህ በታች ያለውን ማንም አልጻፈልኝም፤ በገዛ እጄ ነው። ልጄን ችግሯን ሸሽጎ የሚያከብርልኝን ሰው ከእንግዲህ አልቀበልም። «ልጇን ለመንግሥት ጣለች» መባልን አልቀበልም፤ ልጄን የትም አልጣልሁም፣ እጄ አልደርስ ሲለኝ እጅ ጨመርሁላት እንጂ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መቃብሬ ላይ ቆሞ «አይ፣ ምነው አውቀን ቢሆን ኖሮ» የሚል ዘመድ አልቀበልም። ይኸው፣ ነግሬአችኋለሁ።

የተናዛዥዋ ፊርማ