ከሊማሊሞ በስተቀር

ውድ ወንድሜ ጠይብ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። በሰላም ገብቻለሁ። እማዬም ደህና ናት፤ የላክህላትን ነጭ ሽንኩርት አይታ "ይህን ሁሉ ማን ሊበላው ነው?" ብላ ግማሹን ለጎረቤት አድላዋለች። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃኝ፤ ተናድጃለሁ። ጎንደር ከገባሁ ሦስት ቀኔ ነው፣ ንዴቱ እስካሁን አልበረደልኝም።

ደባርቅ ለሽርሽር እንዳልመጣሁ ታውቃለህ። አነስን ላገባ ነው። አባታችን ስለሌለ ወሊዬ አንተ ነህ፤ ኒካሔን የምትሰጠው አንተ ነህ። የአነስ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ደጅህ ድረስ መጡ። ሁለት ጊዜም በግ አርደህ አበላሃቸውና "እስቲ ይታሰብበት" ብለህ ሸኘሃቸው። እምቢ ብትላቸው መልሰው ይለምኑህ ነበር፤ እሺ ብትላቸው ደግሞ ድግሱ ይጀመር ነበር። አንተ ግን አጥግበህ ሰደድካቸው። ለምን እንደምትሸሽ የማላውቅ እንዳይመስልህ። አነስ አይሱዙ ነጂ ነው፤ በሳምንት ሁለቴ ሽሬ ለመድረስ ሊማሊሞን ይወርዳል። አባታችንም ከነኤንትሬ መኪናው ገደል ገብቶ የቀረው እዚያው ሊማሊሞ ላይ ነው።

ስለዚህ ራሴ መጣሁ። ሴት ልጅ ስለ ራሷ ኒካሕ ልትለምን ስትነሳ ምን ያህል እንደሚያሳፍራት አንተ አታውቀውም። ከሰፈራችን ከአዲስ ዓለም እስከ ደባርቅ ሚኒባሱ ውስጥ የምልህን ስለማመድ ነው የመጣሁት። አንተስ ምን አደረግኸኝ? አገር አስጎበኘኸኝ!

ቅዳሜ ገበያ ወሰድከኝ። እውነቱን ለመናገር ገበያችሁ ደስ ይላል። ከአምቢኮና ከአምባራስ በበቅሎ የወረደው ገብስ፣ የድንቹ ክምር፣ የሱፍ ቆባቸውን እየሠሩ እዚያው የሚሸጡት ሴቶች። አንድ ቄስ መስቀል እያሳለሙ ሲያልፉ ከመስጊዱ አዛን ተሰማ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየም፣ ሁሉም የለመደው ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀኑን ሙሉ ብዞርበት አልጠግበውም ነበር። አንተ ግን ከሱቅ ሱቅ እየጎተትክ "እህቴ ናት፣ ከጎንደር መጥታ ነው" ትላለህ። ከአሥር ሱቅ በላይ ገባን፤ በየሱቁ ሻይ። "ጠይቤ፣ ስለ አነስ..." ስልህ "ቆይ፣ እኚህን ሰው ሰላም በያቸው" ትለኛለህ። የማላውቃቸውን የቆዳ ነጋዴ ሰላም አልኩ፤ እሳቸውም ስለ ቆዳ ገበያ መሞት ግማሽ ሰዓት አወሩኝ።

እሑድ ደግሞ ከአስጎብኚው ጓደኛህ ከክንዴ ጋር ወደ ተራራው ወጣን። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣሩን እየነጩ በአጠገባችን አለፉ፣ እንደ ሰው ቁጭ ብለው ይበላሉ። ገደሉ አፋፍ ላይ አረፍ ስንል፣ ክንዴ ትንሽ ራቅ አለልኝና ትንፋሼን ሰብስቤ ጀመርኩ።

"ጠይቤ፣ አነስ ጥሩ ሰው ነው። አንተ ብታውቀው..."

"ዋሊያ!" አልክ ጣትህን ቀስረህ። "ያውልሽ፣ ከታች፣ ከቋጥኙ ሥር!"

ክንዴ ሮጦ መጣ። እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ብዙ ጊዜ አየ። "ኧረ ጠይብ፣ ድንጋይ ነው እኮ!" አለ። "ምን ነካህ ዛሬ? እንግዳ ይዘህ መጥተህ ታሳፍረኛለህ እንዴ?"

አሥራ ስምንት ዓመት ደባርቅ የኖረ ሰው ድንጋይና ዋሊያ አይለይም? ቢሆንም ክንዴን ላለማሳዘን ብዬ ሳቅሁ።

ሰኞ ዳባት ሸህ ሙጃሂድ ቤት ምሳ ተጠርተናል ስትለኝ ደስ አለኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ እሳቸው ፊት ማምለጫ የለውም ብዬ ነበር። ደግሞም ከአፌ ወሰዱልኝ። "በይ ልጄ ሀናን፣ ሠርግሽን መቼ ነው እምንበላው?" አሉኝ ገና የመጀመሪያውን ጉርሻ ስንጎርስ። እኔ ወደ አንተ አየሁ። አንተ እንጀራውን እየቆረስክ "ገና ናት ሸህ፣ ትምህርቷን አልጨረሰችም" አልካቸው።

አልጨረሰችም! ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር እኮ ሁለት ዓመቴ ነው። ስመረቅ ከፎቶ አንሺው ጋር የተጣላኸው አንተ ነህ፣ እህቴን አላሳመራትም ብለህ። በሸህ ፊት "ዋሸህ" እንዳልልህ አንተ ታላቄ ነህ፤ ዝም እንዳልል ደግሞ የገዛ ሕይወቴ ነው። ዓይኔ እንባ ሞላ። ምራታቸው ሰልሰቢል በርበሬው መስሏት ውኃ አቀረበችልኝ።

ማክሰኞ ጠዋት የጎንደር ሚኒባስ ውስጥ አስቀመጥከኝ። ሊሞላ ሁለት ሰው ሲቀረው "ሱቅ ልክፈት" ብለህ ሄድክ። እኔም ወረድኩና ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ የሚሄደው ላይ ተሳፈርኩ። ይህን እስከዛሬ አልነገርኩህም። በሦስት ቀን አገሩን ሁሉ ስታዞረኝ ሊማሊሞን ብቻ አላሳየኸኝም፤ እሱ ግን ከከተማው ወጣ ሲሉ ወዲያው ነው። አባታችን የቀረበትን ቦታ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ስሙን እሰማለሁ እንጂ አይቼው አላውቅም።

መንገዱ ቁልቁል መጠምዘዝ ሲጀምር ሾፌሩን አስቆምኩት። ከመታጠፊያው ላይ አንዲት ሴት ቆሎና ሻይ ይሸጣሉ፤ እየሩስ ይባላሉ። "ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ኤንትሬ ገደል የገባበትን ቦታ ያውቁታል?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"የጠይብ አባት የሞተባትን ነው እምትይኝ? ያችውልሽ፣ ድንጋይ የተካበባት። እሱው ነው እሚክባት። ዓርብ ከስግደቱ መልስ ሳይመጣ አይቀርም፤ ዝናብም ቢሆን፣ ጉምም ቢሆን። ተቀምጦ መጽሐፉን ይደግማል፣ የፈረሰውን ድንጋይ ያቃናል፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። አንቺ ምኑ ነሽ ልጄ?"

"እህቱ ነኝ።"

"እህት አለችውን? ይህን ሁሉ ዘመን ሲመላለስ አንድ ቀን እንኳ አንስቶሽ አያውቅም።"

ጠይቤ፣ እስኪ ንገረኝ፣ ሰውዬው የአንተ አባት ብቻ ነው? ሬሳውን ልትወስድ በአሥራ ሰባት ዓመትህ መጣህ፣ ከቀብሩ በኋላ ተመልሰህ እዚያው ሱቅ ከፍተህ ቀረህ። እኛ "ደባርቅ ንግዱ ቀናው" እያልን ስንኮራ ኖርን። አንድ ዓርብ እንኳ እጄን ይዘህ ብትወስደኝ ምን ነበረበት? እኔ ፊቱን አላስታውሰውም። ካቡ አጠገብ ቆሜ ማልቀስ ፈለግሁ፣ እንባው ግን አልመጣልኝም። ብቻዬን አላውቅበትም። አንተ ግን ኀዘኑን ለብቻህ ያዝከው።

ፍርሃቱንም እንደዚያው። እኔስ የማልፈራ መሰለህ? አነስ ሊማሊሞን በሚወርድበት ቀን ዛሪማ ገብቶ እስኪደውል ድረስ ምግብ በጉሮሮዬ አይወርድም። ተማሪዎቼ እንኳ ያውቁኛል፣ "ቲቸር ዛሬ ስልኳን አትለቅም" ይላሉ። ፈርቼም ወድጄዋለሁ። ይህን ልነግርህ ነበር የመጣሁት፣ አንተ ድንጋዩን ዋሊያ ነው ስትለኝ።

ኒካሑ የሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው እሑድ ነው፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ እዚሁ ቤታችን። ቃዲውን ጠይቄያለሁ። ወሊ ያለ በቂ ምክንያት ከቀረ በእሱ ቦታ እንደሚቆሙልኝ ነግረውኛል። እኔ ግን የምፈልገው አንተን ነው። እሺ ካልክ ና። እምቢም ካልክ ና፤ እማዬና ሽማግሌዎቹ ባሉበት ፊቴ ቁመህ "እፈራለሁ፣ አልሰጥም" በል። እሺ ብዬ አልቀመጥልህም፣ እከራከርሃለሁ። ካልመጣህ ግን፣ ወንድሜ፣ በዚያ መንገድ አባታችንንም አንተንም አጣሁ ማለት ነው።

እህትህ ሀናን
ጎንደር፣ አዲስ ዓለም