ከእህቴ ጋር እንዳንተኳኮስ ስለመከልከላችን

ለክቡር የአየር ውጊያ ጨዋታው ደንብ አስከባሪ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም ሁለት አዛውንቶችን ከሩቅ ለይቶ ወንጀለኛ ላደረገው ዓይንዎ ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። ይህን የምለው ጡረታ የወጣሁ መነጽር ሠሪ ስለሆንሁ ነው።

ጥፋታችንን ላስረዳ። በኮምፒውተር ጨዋታዎ ውስጥ አውሮፕላኔ በሁለቱ ክንፎቿ ላይ መትረየስ አላት፤ ጥይቶቹ ስንት ሜትር ላይ እንደሚገናኙ የሚወስነው አብራሪው ነው። እኔ ሦስት መቶ ላይ አድርጌዋለሁ። ማነጣጠሪያው እውነቱን መናገሩን ለማረጋገጥ ሌላ ከተማ የምትኖረው ታላቅ እህቴ አውሮፕላኗን ሜዳው ጫፍ ላይ ታቆምልኛለች፤ እኔ እተኩሳለሁ፣ እሷ የት እንደመታኋት በማዳመጫው ትነግረኛለች፣ ከዚያ ተራ እንቀያየራለን። ክፍልዎ ይህን «ሆን ብሎ በመመታት ነጥብ መቀባበል» ብሎ ሁለታችንንም ከጋራ ሜዳው አገደን። ለንቃትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቅሬታዎቼ ግን እነዚህ ናቸው፦

፩. ነጥቡን አንፈልገውም። ሁሉንም ወስደው ለሚያስፈልገው ይስጡልን።

፪. ብቻዬን በጨዋታው የልምምድ ሜዳ ግድግዳ ላይ ተኩሼ እንድሞክር መክረውኛል። ምክርዎን አክብሬ ሞከርሁ። ቀዳዳዎቹ በግልጽ ይታያሉ፤ ማነጣጠሪያውም ደህና ነው። ግድግዳው ግን ወደ ግራ ስስት አይስቅብኝም፤ ድሮም ቀጥ ያለ ነገር እንደማይሆንልኝ እያነሣ አይሰድበኝም።

፫. ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል። እናታችን ስትታመም ማን መጣ፣ ማን ቀረ በሚል ከእህቴ ጋር ተኳርፈን ስድስት ዓመት አልተነጋገርንም ነበር። አንድ ቀን ስሜን በጨዋታው ውስጥ አይታ፣ ያለ ምንም ሰላምታ፣ አብረን እንድንበርር ጥሪ ላከችልኝ። ከዚያ ወዲህ የምናወራው ስለ ሜትርና ስለ ክንፍ ብቻ ነው፤ ይቅርታም ሆነ ናፍቆት በመሃላችን ተነሥቶ አያውቅም። ስልክ ቁጥሯ አለኝ። ካገዱን ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቁጥሯን አውጥቼ አየዋለሁ፤ የምጀምርበት ቃል ግን አጣሁ። ብቻዬን ነኝ፣ ክቡር ሆይ። እሷም ብቻዋን ናት፤ በማዳመጫዋ በኩል ከግድግዳ ሰዓቷ በቀር ሌላ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ስለዚህ እህቴ እንድትመታኝ በጽሑፍ ይፈቀድልኝ ዘንድ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ከማያልቅ አክብሮትና እያለቀ ካለ ትዕግሥት ጋር፣
ታዛዥዎ መነጽር ሠሪው

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት ከመሥሪያ ቤትዎ «ብቻዎን አይብረሩ፤ የሚወዱትን ሰው ይጋብዙ» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ስለ አሳቢነትዎ እያመሰገንሁ የእህቴን ስም ሞላሁ። «ይህ ሰው ለእርስዎ አይመከርም» የሚል መልስ መጣልኝ። በስድስት ዓመት ኩርፊያ ውስጥ እኔ እንኳ ስለ እሷ እንዲህ ብዬ አላውቅም።