ንብ የማይገባበትን ቀፎ ስለሸጥኩበት ኮሚሽን

የካቲት 27 ቀን
ቦንጋ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ሰብሃት፣ የድርጅታችን የሽያጭ ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎት በካፋ ዞን ለንብ ማር ሸጦ ያተረፈ ብቸኛው ሰው ነው። እርግጥ ለንብ ማር ሸጥኩ ማለቱ ትንሽ ሳይበዛ አይቀርም፤ በትክክል ለመናገር የሸጥኩት ንብ የማይገባበትን ሳጥን ለንብ አርቢ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ ፍርዱን ለእርስዎ እተዋለሁ።

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ጭቃ የማትወደው መኪናዎ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ ከንቦቹ በቀር ሁላችንም አለን። የማንኪራው ንብ አርቢ፣ የባለቤቴ አባት ጋሽ ገብረወልድም የከበረ ሰላምታቸውን እንዳደርስልዎ አደራ ብለውኛልና በዚሁ አድርሻለሁ።

ድርጅታችንን በስሙ አልጠራውም። ስሙ በማንኪራ ጫካ ውስጥ በመቶ አሥራ ስምንት ባዶ ሳጥኖች ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎ ስለሚገኝ ማንበብ የሚችል ሁሉ ያነበዋል። ማንበብ ከሚችሉት አንዱ ደግሞ፣ ደስ ይበልዎትና፣ እኔ ሆኛለሁ። ሲቀጥሩኝ በአውራ ጣቴ የፈረምኩልዎ ኤርምያስ ከመስከረም ጀምሮ በማታ ትምህርት ከመምህርት አብርሆት ዘንድ ፊደል ቆጥሬ፣ ይህን ደብዳቤ በገዛ እጄ እየጻፍኩ ነው። እሷ ያረመችው ሦስት ቦታ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ስድብ ነበሩ።

በስልክ የላኩልኝ መልእክት ደርሶኛል። መጋቢት 14 ቀን ማንኪራ ድረስ መጥተው «የዓመቱ ምርጥ ሻጭ» የሚል ሰርተፊኬት በሕዝብ ፊት ሊሰጡኝ፣ ከሺሺንዳና ከቢታ ገነት ለመለመሏቸው አሥር አዳዲስ ወኪሎችም የኮሚሽን ሥራን ጥቅምና ጉዳት እንዳስረዳ፣ ጥቅሙን አስፍቼ ጉዳቱን እንዳሳጥር ማዘዝዎን አነበብኩ። ለዚህ ክብር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ንግግሬን አስቀድመው እንዲያዩት በማለት፣ መምህርት አብርሆት እንዳስተማረችን ደብተሬን መሐል ለመሐል አስምሬ፣ በቀኝ ጥቅሙን በግራ ጉዳቱን መዝኜ ከዚህ በታች አቅርቤያለሁ።

ጥቅም 1። የኮሚሽን ሥራ ነፃነት አለው። የመግቢያ ሰዓት የለም፣ የመውጫ ሰዓት የለም፣ ተቆጪ የለም። ደመወዝም የለም፤ ነገር ግን በሥልጠናው ላይ እንዳስረዱን ደመወዝ ሰነፍ የሚደገፈው ምርኩዝ ነው። እርስዎ ራስዎ በየወሩ ይህንኑ ምርኩዝ ተደግፈው እንደሚቆሙ ስሰማ፣ እግርዎን አሞዎት ይሆን ብዬ ከልቤ አዝኛለሁ።

ጥቅም 2። «ገቢህ ጣሪያ የለውም» ብለውኝ ነበር። ጣሪያ የሌለው ነገር በቦንጋ ዝናብ ምን እንደሚሆን እዚሁ ተወልጄ ስለማውቅ፣ ሳልጠይቅ ማለፌ የራሴ ጥፋት ነው። ሆኖም አልዋሽም፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ያገኘሁትን ያህል ገንዘብ በአንድ ጊዜ በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። ለባለቤቴ ለላቀች ቆዳ ጫማ ገዛሁላት። ለራሴም እስክሪብቶ ገዛሁ፤ መጻፍ ባልችልም ኪሴ ላይ ሲሰካ ያምርብኝ ነበር።

ጥቅም 3። ሥራው የትምህርት ማስረጃ አይጠይቅም። የቀጠሩኝ ዕለት «ማንበብ ትችላለህ?» ብለው ጠየቁኝ። አፈርኩና «አልችልም» አልኩ። «በጣም ጥሩ» አሉኝ። እኔ ይህን ደግነት መስሎኝ ስንት ወር ሙሉ ሳመሰግንዎ ኖርኩ!

ምክንያቱም ውሉን በየደጃፉ ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። በሁለት ቀን ያስጠኑኝን አንዲት ቃል ሳልስት፣ መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ፣ ጉሮሮዬን እየጠረግሁ አነብ ነበር። በዚህ እንኳ እኩያ የለኝም። አንድ ቀን ገጽ መግለጥ ረስቼ ከአንዲት ገጽ አምስት አንቀጽ ባወጣ፣ አንድ ሽማግሌ «ይቺ ወረቀት ግን ሆደ ሰፊ ናት» ብለው አስቀውናል። አንቀጽ ሰባት ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ድርጅቱ ለደንበኛው ጤናና ረጅም ዕድሜ ይመኛል» እል ነበር፤ ያስጠኑኝ እንደዚያ ነውና። ሰዎቹም «አሜን» ይሉ ነበር። አሜን ብለው ነው ጣታቸውን ቀለም ያስነኩት።

አሁን መስመሩን እሻገራለሁ።

ጉዳት 1። በሥልጠናው መጀመሪያ «የሚያምኑህን ሃያ ሰዎች ስም ጥራ» ብለውኝ፣ እኔ ስጠራ እርስዎ ጻፉ። የመጀመሪያው ስም ጋሽ ገብረወልድ ነበር፤ ልጃቸውን የሰጡኝ ሰው ስለሆኑ እንደሚያምኑኝ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም። ያ ዝርዝር እስካሁን በፋይልዎ ውስጥ ይኖራልና እባክዎ በጥንቃቄ ያስቀምጡልኝ። እኔ ዘንድ ከሃያው አንድም አልቀረም።

ጉዳት 2። ለእያንዳንዱ ሳጥን ከሚታሰበው አሥር በመቶ በላይ፣ ለእያንዳንዱ የተቃጠለ ነባር ቀፎ ማበረታቻ ነበረው። ማስረጃው በስልክ የተነሣ ፎቶ ነው። ጋሽ ገብረወልድ ከግንድ የተፈለፈሉ አርባ አንድ ቀፎዎች ነበሯቸው። ወቅቱ አበባ የሌለበት ስለነበር ንብ አልነበረባቸውም። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሰው ሳያስነኩ ራሳቸው ዛፍ ለዛፍ እየወጡ፣ ሐረጉን እየፈቱ፣ አንድ በአንድ አወረዷቸው። አንደኛው አባታቸው የፈለፈሉት ነበር። እሱን በመዳፋቸው አበስ አድርገው «ወረቀቱ ይህንን ይላል?» አሉኝ። «ይላል» አልኩ። እሳቱ ላይ ጨመሩት። ፎቶው ጥሩ ወጥቷል፤ እርስዎም ወዲያው ያቺን ቀና ያለች የአውራ ጣት ሥዕል ልከው አበረታተውኛል።

ጉዳት 3። ሳጥኖቹ በእውነት ያምራሉ። አረንጓዴ የዘይት ቀለም ተቀብተዋል፤ ክዳናቸው እንደ ሻንጣ ይከፈታል። የእኛ ሰው ግን ቀፎ ከመስቀሉ በፊት ውስጡን በጫካ ቅጠል ጢስ ያጥናል፤ ንቧ ሽታውን ይዛ ነው የምትመጣው። የእርስዎ ሳጥን በፀሐይም በዝናብም ቀለም ቀለም ይሸታል። ይህን በጥቅምት ስነግርዎ «ባለሙያ እንልካለን» አሉኝ፤ በኅዳር ባለሙያው ታርጌት ሲሞላ ይመጣል አሉኝ፤ ታርጌቱ በታኅሣሥ ሞላ። ባለሙያውን መንገድ ላይ ያየ ሰው ካለ ሰላም ይበልልኝ።

ካለፈው ሳምንት ሰኞ ጀምሮ የንብ መንጋው ወደ ጫካችን እየገባ ነው። የንብ መንጋ በላይዎ ሲያልፍ ሰምተው ያውቃሉ? መጀመሪያ ከሩቅ ዳገት እንደሚወጣ የጭነት መኪና ነው፤ ከዚያ ዛፉ ሁሉ ድምፅ ይሆናል። ሌላ ዓመት ሰው ሥራውን ጥሎ ይሮጥ፣ ይሳሳቅ፣ «ወደኔ፣ ወደኔ» እያለ ይለማመጥ ነበር። ዘንድሮ ቆመው ቀና ይላሉ። መንጋው ሳጥኖቹን አንድ ጊዜ ይዞራል፣ ጥሎ ይሄዳል። እነሱም ዓይናቸውን ከሰማይ ያወርዱና ወደ እኔ ያዞራሉ። አይሳደቡም፣ አይረግሙም። እኔ ለቅሶ ቤት ሰው አስቃለሁ የምባል ቀልደኛ ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ጭቃ መጥረግ ያዝኩ።

ጉዳት 4። ይህ ጉዳት የመጣው በማንበቤ ነውና ጥፋቱን ለመምህርት አብርሆት ይስጡልኝ። ጋሽ ገብረወልድ መንጋው ሲያልፍ ባዩ ማግስት መጥረቢያ አንሥተው አዲስ ቀፎ መፈልፈል ጀመሩ። ሦስት ጨረሱ። በዚያው ሳምንት መምህርቷ «ከቤታችሁ የሚነበብ ነገር ይዛችሁ ኑ» ስትለን፣ ቤቴ ውስጥ ሌላ ወረቀት ስላልነበረ ውሉን ይዤ ሄድኩ። ፊደል በፊደል እየዳኸሁ አንቀጽ ሰባት ደረስኩ። «ጤና» የሚለውን ቃል ፈለግሁ፤ አጣሁት። «ዕድሜ»ን ፈለግሁ፤ የለም። ያለው ይህ ነው፦ «ደንበኛው ነባር ቀፎ መልሶ ቢሰቅል፣ የዛፎቹን የአምስት ዓመት የማር ምርት በወኪሉ በኩል ለድርጅቱ ያስረክባል።»

ማንበቤን ስላላመንኩ መምህርት አብርሆትን አስነበብኳት። እሷም ያንኑ አነበበች።

ጠዋት ሄጄ ለጋሽ ገብረወልድ ነገርኳቸው። መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ጎረቤቶቻቸው «ጋሼ፣ ተታለው የፈረሙት ወረቀት አይዝዎትም፤ ዝም ብለው ይስቀሉ» ቢሏቸው፣ «እኔ የዋሸኝን አላውቅም፤ ጣቴን ያስቀመጥኩት ግን እኔ ነኝ። የሚፈታኝ ወረቀቱን የያዘው ሰው ነው» አሉ። በየዓመቱ የመጀመሪያውን ቀፎ የሚሰቅሉት እሳቸው ስለሆኑ፣ እሳቸው እጃቸውን ሲሰበስቡ ማንኪራ በሙሉ እጁን ሰበሰበ። ሦስቱ ቀፎዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

ሚዛኑ እንዳይዛባ እዚህ ላይ ጥቅም 4ን ልጨምር። አንቀጽ ስምንት፣ ከአማቴ ዛፍ ላይ ከምወስደው ማር አምስት በመቶ ለእኔ እንደሚታሰብልኝ ይገልጻል። ይህን ዕድል ቤት ገብቼ ለላቀች አነበብኩላት። እሷም እስከ መጨረሻው ካዳመጠች በኋላ ቆዳ ጫማውን አውልቃ በሩ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠችና ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ጫማው እስካሁን እዚያው ነው። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ተሻግሬው አልፋለሁ።

የተከበሩ አቶ ሰብሃት፣ ነጭ ማራችን የሚገኘው ከገተም ዛፍ አበባ ነው። ገተም ለማበብ ሦስት ሳምንት ቢቀረው ነው። ከዚያ በፊት ያልተሰቀለ ቀፎ ለዚህ ዓመት ማገዶ ነው፤ የእነዚህ ሰዎች ልብስ፣ መድኃኒትና የልጅ ደብተርም ከዚያው ማር ነው። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ «አንቀጽ ሰባት ተሽሯል» የሚል፣ የእርስዎ ፊርማና ክብ ማኅተም ያለበት። ሥራ ከበዛብዎ እኔ ጽፌ እልክልዎታለሁ። አሁን እችላለሁ።

ወረቀቱን አስቀድመው ቢልኩት በወደድን ነበር። ይዘውት ከመጡም ጥሩ ነው። ሳይዙት ከመጡ ግን የአቀባበሉን ዝግጅት አስቀድሜ ላሳውቅዎ ይገባኛል። ሕዝቡ በሙሉ ይገኛል። አበል አለው ወይ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም፤ ይህ በዞናችን ስብሰባ ታሪክ ተሰምቶ አያውቅም፤ እኔም ይህን ሳይ ነው ሰውነቴን ብርድ ብርድ ያለኝ። መቶ አሥራ ስምንቱ ሳጥኖች ከያሉበት ተሸክመው ይመጡና ዙሪያውን ይደረደራሉ፤ የእርስዎ ወንበር መሐል ነው። ዝናብ ከጣለ መኪናዎ እስከ መጨረሻው ስለማይገባ የቀረውን በጫካው ውስጥ በእግርዎ ይመጣሉ። መንገድ እንዳይጠፋብዎ በየዛፉ ሥር ሰው እናቆማለን። ሰዎቹ ብዙ አይናገሩም፤ በእጃቸው ያሳዩዎታል። በመመለሻዎም እንደዚሁ።

በዕለቱ ለአዳዲሶቹ ወኪሎች ውሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነብላቸዋለሁ፤ በዚህ ጊዜ በእውነት እያነበብኩ ነው። አንቀጽ ሰባት ላይ ስደርስ ቆም እላለሁ። አሜን የሚል ሰው ካለ አብረን እንሰማዋለን።

ንብ ባይገባልኝም ነገር የገባኝ፣ ከመቶ አሥር እየታሰበልኝ መቶውን የከፈልኩ፣ ጥሪዎን በአክብሮት የምጠባበቅ የዓመቱ ምርጥ ሻጭዎ፣

ኤርምያስ ዮሴፍ
(ፊርማ፤ በጣት ያልሆነ)

ግልባጭ፦
ለሺሺንዳና ለቢታ ገነት አዳዲስ ወኪሎች፤ በገበያው በር ላይ የሚለጠፍ።
ለማንኪራ ንብ አርቢዎች፤ ጮክ ተብሎ የሚነበብ።
ለመምህርት አብርሆት፤ ማርክ እንዲሰጥበት።

ማስታወሻ፦ መምህርት አብርሆት ሰው የሚጽፈውን ሁሉ ከመለጠፉ በፊት እውነት መሆኑን ደግሞ ያንብብ ስለምትል፣ ከላይ እስከ ታች ደግሜ አነበብኩት። ለንብ ማር ስለመሸጤ ያልኩትን እዚያው አስተካክዬዋለሁ። እሳቱም፣ ጫማውም፣ በየዛፉ ሥር የሚቆሙት ሰዎችም እንደተጻፉት ናቸው። የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አያምርም ብዬ። ጋሽ ገብረወልድ ሰላምታ አልላኩልዎትም። «ለአቶ ሰብሃት ልጽፍ ነውና ምን ልበልልዎ?» ስላቸው፣ ሦስቱን ቀፎዎች እያዩ «የሚመጣው መቼ ነው ያልከኝ?» ብቻ ነው ያሉት።