ቁጢጥ ብሎ ስለማንበብ ለርዕሰ መምህራችን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የልጆቻችን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ትንፋሽዎ እንደምን ናቸው? የእኛ ቤት ሰዎች ደህና ነን። የሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ብቻ ሁለቱንም ጭኖቿን ያማታል፤ እሱም ብዙ በማንበቧ ነው።

ክቡርነትዎ «አንጎልን ያማከለ የማስተማር ዘዴ» የተባለውን ሥልጠና ወስደው በተመለሱ ሰሞን ወላጆችን ሰብስበው ያደረጉትን ንግግር አልረሳሁትም። የአንጎል ሥዕል ግድግዳው ላይ ለጥፈው፣ በረጅም ማስመሪያ እየነካኩ፣ ልጅ ሰውነቱን እያንቀሳቀሰ የተማረውን እንደማይረሳ አስረዱን። እኛም አጨበጨብን። ጎረቤቴ መካኒኩ ከኋላዬ ሆኖ «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ሥር ስንቀሳቀስ ነው የኖርኩት፤ ታዲያ ምነው ፕሮፌሰር አልሆንኩ?» ብሎ ሲያንሾካሹክ «ዝም በል፣ ይሄ ሳይንስ ነው» ብዬ የገሠጽኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ለሆነው ነገር ሁሉ ምስጋና ሳላቀርብ መቅረት ነውር ስለመሰለኝ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ጽፌያለሁ።

አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል እንቅስቃሴ ስለሰጡት አመሰግናለሁ። የልጆቹ መምህርት እንደነገሩን የሥልጠናው ጽሑፍ የሚለው ልጆች በትምህርት መካከል ተነሥተው ትንሽ ይንጠራሩ ብቻ ነው። እርስዎ ግን በትንሽ ነገር የሚረኩ ሰው አይደሉም። የፊደሉ ዓይነት በእጅ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው ደግሞ በወገብና በእግር እንዲገለጽ ወሰኑ፤ ለሳድስም ቁጢጥ ብሎ መነሣትን መረጡለት። ቋንቋችን ሳድስ እንደሚያበዛ ያስታወሰዎት ሰው አልነበረም መሰለኝ። ልጄ «ትምህርት» የሚለውን ቃል ለማንበብ አምስት ጊዜ ቁጢጥ ብላ ትነሣለች። «ብርድ ልብስ» የሚለውን አንብባ ስትጨርስ ብርድ ልብስ አያስፈልጋትም። በቀደም ፋርማሲ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ላንብብልህ ብላኝ ስትነሣና ስትቀመጥ፣ ባለመድኃኒቷ ወንበር ይዛ ሮጣ ወጣች። «ኧረ አስቀምጣት! ምን ነካት ልጅቷን?» አለችኝ። «ምንም አልሆነችም፣ እያነበበች ነው» አልኳት። ለዚህ የሚሆን መድኃኒት እንደሌላቸው በትሕትና ነገረችኝ።

ሁለተኛ፣ በክፍል ውስጥ ስላሰፈኑት ጸጥታ አመሰግናለሁ። «ዝም በሉ» ማለት የልጅን አንጎል ያስበረግጋል ተብሎ ስለተከለከለ መምህርቷ ደወል ይደውላሉ፤ ልጆቹም ግንባራቸውን ይዘው «አንጎሌ ዝግጁ ነው!» እያሉ ይጮኻሉ። ይህ የጸጥታ ጩኸት ከመንገዱ ማዶ ያለው የጫማ ሱቄ ድረስ ይሰማል። የደከመው ልጅ ደግሞ «አንጎሌ እረፍት ላይ ነው» ብሎ ቁጭ የማለት መብት ተሰጥቶታል። መብቱ እኛ ቤት ከገባ ሰነባብቷል። እናቷ ሳህኑን አንሺ ስትላት ልጄ ግንባሯን ይዛ «እማዬ፣ አንጎሌ እረፍት ላይ ነው» ትላለች። «እኔ መቼ አንጎልሽን ጠራሁ? እጅሽን ነው የጠራሁት!» ትላታለች እናቷ። ክርክሩ እስካሁን አልተቋጨም፤ ሳህኑን የማነሣው እኔ ነኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ። የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚማሩት ከቀድሞው ቢሮዎ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ ልጆቹ ባነበቡ ቁጥር የኮርኒሱ ቀለም እየተላጠ ሻይዎ ውስጥ ይገባ እንደነበር ሰምቼ አዝኛለሁ። ሰው ሊያስብ ጸጥታ ያስፈልገዋልና ቢሮዎን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ማዛወርዎ ተገቢ ነው። መጻሕፍቱም በደረጃው ሥር ካለችው የመጥረጊያና የባልዲ ክፍል ገብተው ተቆልፎባቸዋል። ንባብን ለማስፋፋት ብሎ መጻሕፍቱን ከመንገድ ያነሣ ርዕሰ መምህር ከእርስዎ በፊት አላየሁም።

አራተኛው ላይ ስደርስ ምስጋናው ትንሽ ይከብደኛል። ባለፈው ወር ከትምህርት ቤቱ ውጭ የመጡት ፈታኝ ልጆቹ ተቀምጠው በጸጥታ አንብበው መልስ የሚመርጡበትን ፈተና አደሉ። ወዲያው ክፍሉ በሙሉ ተነሣ፣ ቁጢጥ አለ፣ ጆሮውን ያዘ፣ እጁን ዘረጋ። ሰውየው በሥራ ዘመናቸው ብዙ ኩረጃ ሳያዩ አልቀሩም፤ እንዲህ የተደራጀ ግን ያዩ አይመስለኝም። «ተማሪዎቹ በምልክት መልስ ተለዋውጠዋል» ብለው የሁሉንም ውጤት ሰረዙ። ልጄ ቤት ገብታ «አባዬ፣ እኔ እኮ ጥያቄውን እያነበብኩ ነበር» ብላ አለቀሰች። የድጋሚ ፈተናው በዚህ ወር መጨረሻ ነው፤ እሱን ያላለፈ ልጅ ክፍሉን ይደግማል። እርስዎም በላኩልን ማሳሰቢያ «ልጆቻችሁን ሥነ ሥርዓት አስተምሩ» ብለው መክረውናል።

ምክርዎን ተቀብለናል። መምህርቷን ለምነን ልጆቹን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በመካኒኩ ጋራዥ እናስተምራለን። ልጆቹ ከአሮጌ መኪና በተነቀሉ ወንበሮች ላይ ይቀመጣሉ፤ አንዳንዱ ወንበር ቀበቶው አብሮት ስላለ፣ ሳድስ ባየ ቁጥር ብድግ ለሚለው ልጅ በጣም ጠቅሞናል። ዘዴያችን ተራ ነው። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ያዳምጣል፣ መምህርቷ ያርማሉ፤ ሲሰለቻቸው ግቢውን አንዴ ሮጠው ይመለሳሉ። ስለ አንጎል የሚያነሣ የለም፤ አንጎል ግን ሳይጠራ እየመጣ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ አንድ ሙሉ ገጽ ከወንበሯ ሳትነሣ አነበበች። ጉልበቷ ትንሽ ይርገበገብ ነበር፤ እሱም እንደሚተዋት ተስፋ አለኝ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ጥቂት ነገር ነው። እስከ ፈተናው ድረስ ልጆቹ በገዛ ክፍላቸው ተቀምጠው እንዲያነቡ ይፍቀዱላቸው። የባልዲውን ክፍል ቁልፍ ለመምህርቷ ይስጧቸው። ለፈታኙም ምልክቶቹ የእርስዎ ፈጠራ እንጂ የልጆቹ ተንኮል አለመሆናቸውን በፊርማዎ ያረጋግጡላቸው። ገና ማንበብ የጀመረች ልጅ ስም ላይ «ኮራጅ» የሚል ቃል ተለጥፎ እንዳይቀር የሚያደርጉት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ በዚህኛው አልቀልድም።

ለአንጎልዎ እረፍትን፣ ለወገብዎ ጽናትን፣ ለሚቀጥለው ሥልጠናዎ ደግሞ መሰረዝን ከልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ፣ በዚያውም ቁጢጥ ብዬ እሰናበታለሁ።

የአንዲት ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አባት

ማስታወሻ፦ ሁለተኛ ክፍል የሚማረው የእርስዎ ልጅም ጋራዡ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ አንድም ቅዳሜ አልቀረም። እጅግ ጎበዝ ነው፤ ቀበቶም አላስፈለገውም። የሚያመጡት እናቱ ናቸው። «አደራ፣ አባቱ ጆሮ እንዳይደርስ» ብለውኝ እኔም ለማንም አልናገርም ብዬ ምዬላቸው ነበር። ደብዳቤው ግልጽ ደብዳቤ መሆኑን ያስታወስኩት አሁን ነው።