የጠና ሱቅ የጓሮ በር

ሆሳዕና፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለሶፎንያስ፤

እንደምን ሰነበትህ ብዬ ብጀምር ትስቅብኛለህ። ሱቁን ዘርፈው ላቃጠሉበት ሰው የሚሆን ሰላምታ ካነበብኳቸው መጻሕፍት በአንዱም አላገኘሁም። ስለዚህ በሕይወት ስላቆየህ ጌታን አመስግኜ ልለፍ።

እኛ ደህና ነን። የቀኝ እጄ ጄሶ ተፈቷል፤ ጽሕፈቴ የሐኪም ማዘዣ ቢመስልህ ለዚያ ነው። እናትህ ደህና ናት፣ ሌሊት ሌሊት ስምህን እየጠራች ትጸልያለች። በስልክ ልነግርህ ያልቻልኩት ነገር ስላለ ነው መጻፌ። ስልኬን ብዙ ሰው ሲያዳምጠው ኖሯል፤ መንግሥት ሲለወጥ አዳማጩም ይለወጣል። ያልተለወጠችው እናትህ ብቻ ናት፤ አሁን የምፈራውም እሷን ነው። ደብዳቤውን ከዚያው ካንተ ዘንድ ለእረፍት መጥቶ የነበረው ጎረቤታችን ዳኘ ይዞልህ ይመጣል። ሰኞ ይበራል።

ባለፈው ሳምንት ስትደውል ያልከኝን ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

«እንዳንተ ያለ ሰው ነበራቸው፣ አባዬ» አልከኝ።

«ምን ዓይነት?»

«ሜጋፎን የያዘ። ሸምገል ያለ፣ ትሑት ሰው። ‹ጊዜው ያለፈበት ምግብ ለልጆቻችን ይሸጡልናል፣ ግን እባካችሁ በሰላም› ይል ነበር። እባካችሁን ትተው ሌላውን ሰሙ።»

«አንተ እንዴት ወጣህ?»

«በጓሮ በር።»

ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግመህ ሞከርክ። ኔትወርኩን አትውቀሰው፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ዕቃህ በእርግጥ ቀኑ አልፎበት ነበር ወይ ብዬ አልጠየቅሁህም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ አመል ነው። ኋላ ሳስበው ግን መልስህ ምንም ቢሆን በዚያ በር በመውጣትህ ደስ ከማለት አያግደኝም። ለአንድ የሸማቾች መብት ተከራካሪ ይህ ትልቅ ውድቀት ነው።

ሠላሳ ዓመት የሠራሁትን ሥራ ታውቀዋለህ። የሸማቾች ማኅበራችን መዝገብ ቤት ባይኖረውም ገላዬ ላይ ተጽፏል። ሁለቱ የታች ጥርሶቼ የስኳር ናቸው፤ መጋዘን ውስጥ የተደበቀውን ለሕዝብ ያሳየሁ ጊዜ የወለቁ። ግራ ጆሮዬ የመናኸሪያው ነው፤ ታሪፉን በአደባባይ ሳነብ አንዱ ተራ አስከባሪ በጥፊ አደነቆረው። የተሰበረው የጎን አጥንቴ ግን ንጹሕ ፖለቲካ ነው። ሦስት ጊዜ ታስሬ ሦስቱም ጊዜ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ከጀርባህ ማን አለ?» በመጨረሻው ጊዜ «ሚስቴ እልፍነሽ አለች፤ እሷም ና ግባ ምሳው ቀዘቀዘ ነው የምትለኝ» አልኩ። ጎኔ የተሰበረው በዚህ መልስ ነው።

መደብደብን እንግዲህ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ማስደብደብን ግን እስካለፈው መስከረም ድረስ አላውቅም ነበር።

ለዘመን መለወጫው ለያሆዴ ገበያ የገጠሩ ሕዝብ ሁሉ ከተማ ገብቶ ነበር። ከሞርሲቶ የመጣች አንዲት እናት ሕፃኗን አዝላ ማኅበሩ ቢሮ ገባች። ልጁ ዓይኑን መግለጥ አቅቶታል። የያዘችውን የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ገልብጬ ሳየው ቀኑ ተፍቆ አዲስ ተመትቶበታል። የገዛችው ከጠና ሱቅ ነው። ጠናን ታስታውሰዋለህ፤ ዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ ያስተማርኩት፣ ሁልጊዜ ከፊት የሚቀመጠው። ቀኑን የሚፍቀው በአሴቶን ነበር። አሴቶን ምን ምን እንደሚያሟሟ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ጥፋተኛ ነበር። ይህን ላለሳልስልህ አልፈልግም። ኋላ ሱቁ ሲፈተሽ ቀኑ የተፋቀ ዐሥራ ሰባት ካርቶን ወተት ተገኝቷል።

ሜጋፎኔን ይዤ ሄድኩ። ሱቁ ፊት በርጩማ ላይ ቆሜ ቆርቆሮውን ከፍ አድርጌ አሳየሁ፤ ተቆጣጣሪዎቹ እስኪደርሱ በሰላም እንቁም፣ ማንም እጁን እንዳያነሳ አልኩ። ተቆጣጣሪዎቹ ስብሰባ ላይ ነበሩ። የስብሰባው ርዕስ የሸማቾች ጥበቃ ነበር።

እየቆየን ስንሄድ ሕዝቡ በዛ። ሕፃኑን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ያዩት ጀመር። አንዱ «ሞቷል» አለ። አልሞተም ነበር፤ ግን ቃሉ ከኔ ሜጋፎን ይልቅ ፈጥኖ ገበያውን ዞረ። የመጀመሪያው ድንጋይ መስታወቱን አወረደው። ሁለተኛው የጠናን ግንባር አገኘው። ከዚያ ድንጋይ መቁጠር አልተቻለም። መደርደሪያው ወደቀ፣ ዘይት መሬት ላይ ፈሰሰ፤ ሰው በዘይቱ እየተንሸራተተ፣ ተነስቶ እየተሳደበ ይገባል። እኔ «እባካችሁ» እላለሁ። ሜጋፎን ለእባካችሁ የተሠራ ዕቃ አይደለም፤ እባካችሁም በሱ ውስጥ ሲያልፍ ትእዛዝ ይመስላል።

ጠና ወደ ጓሮ ሮጠ። የቆርቆሮ በሩን ሲደበድበው በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ይሰማኝ ነበር። «ቲቸር፣ ክፈትልኝ» ይላል። «ቲቸር፣ ክፈትልኝ።»

ሌላ ሰው አልጠራም። ማን እንደቆለፈው ያውቃል።

የማኅበራችን አሠራር ነው፣ ሶፊ። ከፊት እየተናገርን ከጓሮ ዕቃ ስለሚያሸሹ ስንት ጊዜ ባዶ ሱቅ ለተቆጣጣሪ አሳይተን ተዋርደናል። ስለዚህ ከመናገሬ በፊት በጓሮ እዞርና ከውጭ ጓጉንቸር እገጥማለሁ። ብልሃቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ በየስልጠናው አስተምሬዋለሁ፣ ዱራሜ ድረስ ሄጄ አስተምሬዋለሁ፣ ተጨብጭቦልኛል። ወተቱ እንዳይወጣ ነበር ሐሳቤ። ከወተቱ ጋር የሚቆለፈውን ሰው በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አላሰብኩትም።

መክፈቻው ኪሴ ውስጥ ነበር። ሰው ገፍቼ ወደ ጓሮ ልዞር ስል አንድ አጣና ክንዴን ሰበረው። ለኔ የታሰበ አልነበረም፤ ለሌላ ሰው የተሰነዘረ ዱላ ሲያገኘኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ስነሳ ጠናን ጎትተው ከፊት አውጥተውታል። የጨረሰው የራሱ ሚዛን የሁለት ኪሎ ብረት ነው። ዓምና መርምሬ «ልኩ ትክክል ነው» ብዬ የፈረምኩለት እኔው ነበርኩ።

ሕፃኑ ድኗል። ጠና ሆስፒታል ሳይደርስ አለፈ።

ልቅሶ ሄድኩ፤ መቼም አይቀርም። ጥግ ልቀመጥ ስል ሚስቱ ገነቴ ተነሥታ ክንዴን ይዛ ከሽማግሌዎቹ ጎን አስቀመጠችኝ። «ይሄ እጅ የተሰበረው ለኔ ባል ነው» አለች፣ ድንኳኑ ሁሉ እየሰማ። ሰው «ተባረክ» አለኝ። እኔም አሜን አልኩ። በሕይወቴ ብዙ ሐሰተኛ ምልክት የተለጠፈበት ዕቃ ይዤአለሁ፤ እንደዚያ ቀን እንደኔ ያለ ግን አላየሁም።

ይኼን ሸፍኜ በኖርኩ ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ግን በድብደባው ከተያዙት አራት ልጆች አንዱ ተረፈ ይባላል፤ መናኸሪያ ጫኝና አውራጅ ነው። ጋሪውን በጠና ጓሮ አቁሞ ስለተገኘ «እንዳያመልጥ በሩን የቆለፈው እሱ ነው» ተብሎ ተከሷል። ዐቃቤ ሕጉ ግድያው ታስቦበት ለመፈጸሙ ዋናው ማስረጃ አድርጎ የያዘው ያንን ጓጉንቸር ነው። ተረፈን የሚጠብቀው ሃያ ዓመት ነው። እኔ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ነኝ፤ ማክሰኞ እቀርባለሁ። ሊጠይቁኝ ያሰቡት ስለ ድንጋዩ ብቻ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ ሲላስ ትናንት መጣ። የቆለፍኩ ጊዜ አጠገቤ ነበር። ሻዩን ሁለት ጊዜ አማሰለ፣ ስኳር ሳይጨምር።

«ቲቸር፣ ስለ በሩ ማንም አልጠየቀን። ያልተጠየቁትን መመለስ ምን ይባላል?»

«ፈተና ላይ ቢሆን ማርክ አያሰጥም» አልኩት።

«አይቀልዱ። ማኅበሩን በተናገሩ በማግስቱ ነው የሚያሽጉት። ስንት ዓመት ሰበብ ሲፈልጉለት ነበር? ነጋዴው በሬ ያርዳል። ከነገ ወዲያ መርዝ ቢሸጡ ማን ይናገራል?»

«ማንም።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያ ተረፈን ምን እናድርገው?»

ሻዩን ሳይጠጣ ተነሣ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ያለውም ሁሉ እውነት ነው። ሲወጣ ግን እንደወትሮው ትከሻዬን አልሳመኝም።

እናገራለሁ፣ ልጄ። ቆላፊው እኔ ነኝ፣ መክፈቻው ይኸው፣ ያ ልጅ ጋሪውን ብቻ ነው ያቆመው እላለሁ። ደብዳቤው አንተ እጅ ሲገባ ተናግሬ ጨርሻለሁ፤ ምናልባትም ለአራተኛ ጊዜ ገብቻለሁ። ዘንድሮ ግን «ከጀርባህ ማን አለ» የሚለኝ ያለ አይመስለኝም። አስቀድሜ የጻፍኩልህ ደፋር ስለሆንኩ አይደለም። ዳኘ ደብዳቤውን ይዞ ከሄደ በኋላ ሐሳቤን ብለውጥ ሐሰተኛነቴን የሚያውቅ አንድ ሰው ይኖራል፤ ያም አንተ ነህ። ይህን እፍረት ፈልጌው ነው።

የቀረኝ እናትህ ናት። ችሎት እመጣለሁ ብላ ነጠላዋን አጥባ አስጥታለች። ከፊት ወንበር ነው የምትቀመጠው፤ ባሏ ሰው ለማዳን እጁን የሰበረ ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተደብድቤ በገባሁ ቁጥር ፊቴን በሞቀ ውሃ ስታጥብ፣ ስታለቅስም ስትቆጣም፣ «ጥፋቱ ያንተ ነው» ብላኝ አታውቅም። እስካሁን አልነገርኳትም። ዛሬ ጠዋት ልነግራት ወጥ ቤት ገባሁ፤ «እጅህን አሞሃል?» አለችኝ። አዎ ብዬ ወጣሁ።

ማክሰኞ ማታ ደውልላት። ስለ እኔ ምንም አትበላት፤ ዝም ብለህ ድምፅህን አሰማት።

ጌታ በሰው አገር ይጠብቅህ፣ ልጄ። ከሌባና ከነፍሰ ገዳይ ይሰውርህ። እውነት ይዞ ከተቆጣ ሰው ደግሞ አብልጦ ይሰውርህ።

አባትህ
ዕንባቆም