ሐሰተኛዋ ጉድጓድ

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡20

ስላይዱ ተከፈተ። የእኔ ግራፍ። የዩራኒየም ኤሌክትሮኖች፤ ቀለሙ እንኳ እኔ የመረጥኩት። ከሥሩ የዶ/ር ግርማና የአንድ ባልደረባው ስም። ሦስተኛ ስም የለም።

ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ፣ የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነኝ። ማስታወሻዬ፣ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬሽ እጽፋለሁ። ዶ/ር ግርማ አማካሪዬ ነው፤ የዶክትሬት ጽሑፌ ላይ የሚፈርመው እሱ። ስሌቱ የሁለት ዓመት ሥራዬ ነው። መጨረሻ ላይ ምስጋና መጣ፦ ስሜ፣ "ለኮምፒውተር እገዛ"። የቢሮ ጓደኛዬ ሐያት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ቢያንስ የአባትሽን ስም አልሳቱም" አለችኝ። አልሳቅኩም። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ጥቅምት 14፣ ከሰዓት

ኦሎምፒያ፣ ዶ/ር ግርማ ቢሮ ሄድኩ። ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አልልም። ገና ልጅ መሆኔን፣ ወደፊት ብዙ እንደምጽፍ፣ ጽሑፉን የላኩበት መጽሔት የታወቀ ስም እንደሚፈልግ አስረዳኝ። ሻይ አዘዘልኝ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፦

"የእኔ ልጅ፣ መመረቅ ትፈልጊያለሽ አይደል?"

ሻዩን አልነካሁም። እስከ የካ አባዶ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ መጣሁ። መቀመጫ ነበር። እናቴ ዝም በይ ትላለች፤ መጀመሪያ ወረቀትሽን ያዢ፣ ከዚያ ተናገሪ።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

ግራፉን ከፋይሎቼ ጋር አስተያየሁት። ከመጨረሻው ውጤቴ ጋር አይገጥምም።

ዩራኒየም እልኸኛ ብረት ነው። ኤሌክትሮኖቹ እንዴት እንደሚደረደሩ ገምቼ ለኮምፒውተሩ እሰጣለሁ፤ እሱ ከዚያ እየወረደ ዝቅተኛውን ኃይል ይፈልጋል። ግምቱ ካልበጀ መንገድ ላይ ያገኛት ጉድጓድ ውስጥ ይገባና ጨረስኩ ይላል። አልጨረሰም። ስለዚህ ከብዙ አቅጣጫ አስነሳዋለሁ፤ የማምነው ከሁሉም ዝቅ ያለውን ብቻ ነው።

ዶ/ር ግርማ ከጋራ ፎልደራችን ያነሳት የመጀመሪያዋን ሙከራ ነው። ብረቱን ማግኔት ያደረገችውን፣ እኔ የጣልኳትን። ትክክለኛው ውጤት ማግኔት አይደለም ይላል። እንዴት እንደምሠራ አንድ ቀን እንኳ ቢጠይቀኝ ያውቅ ነበር።

ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደስታዬ ራሱ አስጠላኝ።

ጥቅምት 20

ዶ/ር ግርማ ደወለ። ድምፁ ለስላሳ። የመጽሔቱ ገምጋሚ ስሌቱ ከየት እንደተነሳ ጠይቆታል። መልሱን እኔ እንድጽፍ፣ በእሱ ስም። ውጤቱ ሐሰተኛ መሆኑን ነገርኩት። ከዚያ ስሜን ሦስተኛ አድርጎ ሊያስገባ እንደሚችል ተናገረ፤ ቁጥሩ ግን አይነካም፣ በሰው ፊት ቀርቧልና።

"ቁጥሩ ስህተት ነው፣ ዶክተር።"

"እንግዲያው አሳምሪው" አለኝ።

ለሐያት ነገርኳት። ይህን ሙያ የሚያውቅ፣ ሊፈርምልሽ የሚችል ሌላ ሰው እዚህ የለም አለች። እውነቷን ነው።

ጥቅምት 21፣ ጠዋት 1፡30

ሁሉንም ሙከራዎች፣ የተጣሉትንም ጭምር፣ ለመጽሔቱ አዘጋጅና ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ላክሁ። ደብዳቤው አጭር ነው። ፊርማው ይቀርብኝ ይሆናል። ሁለቱ ዓመታትም። ለእናቴ ገና አልነገርኳትም፤ እሷን ነው የምፈራው።

ግን ስሚኝ። ከዛሬ በኋላ ሥራዬ ያለ ስሜ አይወጣም። ሦስተኛ ስም ተብሎ በውሸት ላይ መለጠፍንም አልቀበልም። ዲግሪዬን በእጁ ስለያዘ ብቻ፣ የማላምንበትን ቁጥር ለማንም አላሳምርም።