ስለ አቶ ዌንደል ታገርት ዕረፍት እና ሳይታጠብ ስለ ቆየው ሽጉጣቸው

ከድራይ ፎርክ የጎዳና ትርኢት ማኅበር፣ አሪዞና
ለማኅበሩ አባላት፣ ለከተማችን ነዋሪዎች እና ትርኢታችንን ለምትመለከቱ ሁሉ

የማኅበራችን የመሣሪያ ክፍል ኃላፊ አቶ ዌንደል ታገርት ባለፈው እሑድ፣ ከመጨረሻው ትርኢት በኋላ፣ ከሽጉጥ ማጠቢያው ጠረጴዛ አጠገብ በድንገት ወድቀው ሐኪም ቤት ሳይደርሱ ዐርፈዋል። ማኅበራችን ሐዘኑን ለመግለጽ ከሰኞ ጀምሮ ይህን ወረቀት ሲጽፍና ሲቀድ ሰንብቷል። ዛሬም የምንጽፈው ልባችን ሳይረጋ ነው። በየመሐሉ እየተነሣን የመሣሪያ ክፍሉን በር ከፍተን እናያለን፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ሲነበብ ይገባል።

አቶ ዌንደል በየከብት እርባታው የውኃ ፓምፕ ሲጠግኑ የኖሩ፣ በዕድሜያቸው ማምሻ ላይም ከመፍቻና ከቅባት ያልራቁ ባለሙያ ነበሩ። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ኒታ ጋር ጎጇቸውን የቀለሱት በዚችው ከተማ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 የድሮውን የሽጉጥ ፍልሚያ በጎዳና ላይ የሚተውነውን ማኅበራችንን የተቀላቀሉት የባንክ ዘራፊ ሆነው በጥይት ተመትተው እንዲወድቁ ነበር። ነገር ግን በወደቁ ቁጥር ባርኔጣቸው አፈር እንዳይነካው በእጃቸው ይቀልቡት ነበር። ሟች ባርኔጣ አይቀልብም ተብለው ቢመከሩም ሊተዉት አልቻሉም፤ በዚህም ምክንያት ወደ መሣሪያ ክፍል ተዛወሩ። ማኅበራችን በታሪኩ ከወሰናቸው ውሳኔዎች ሁሉ የሚኮራበት ይህንኑ ነው።

በ1998 የበጋ ወቅት የማኅበሩ ስድስት ጎራሽ ሽጉጦች በትርኢት መካከል እየተቆለፉ አስቸገሩ። የእኛ ጥይት እርሳስ የለውም፤ በውስጡ ያለው የጥቁር ባሩድ ምትክ ነው። ጭሱ ነጭና ወፍራም በመሆኑ ተመልካች ይወደዋል፤ ጥላሸቱ ግን ብዙ ነው። አባላት ይህን ባለማወቅ ሽጉጡን እንደ ማንኛውም መሣሪያ በማሽን ዘይት ወልውለው ያስቀምጡ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሊቀመንበራችን አቶ ሃርላን ፕሩዊት የሕግ አስከባሪ ሆነው ሁለት ጊዜ ከተኮሱ በኋላ ጥይት የሚጎርሰው ከበሮ አልዞር አለ። ተመትተው መውደቅ የነበረባቸው ወይዘሮ ሬቫ ኮልተር ሆዳቸውን ይዘው መንገድ መሐል ቆሙ።

«ሃርላን፣ ልሙት ወይስ ምሳዬን በልቼ ልምጣ?» አሉ።

ሕዝቡ በሣቅ ፈረሰ፤ አቶ ዌንደል ግን አልሣቁም። በማግሥቱ ሽጉጦቹን አንድ በአንድ ፈትተው ውስጡን አሳዩን። ከበሮው የሚዞርበት ዘንግ ላይ የጠቆረ፣ የሚያጣብቅ ነገር ተጋግሮ ነበር። «ይሄ ባሩድ የማሽን ዘይት ካገኘ ሬንጅ ነው የሚሆነው። ዘይታችሁን ለመኪናችሁ ስጡት» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስብና ሰም በምድጃቸው ላይ እያቀለጡ የሚያዘጋጁት ቅባት ሥራ ላይ ዋለ። መሣሪያ ክፍላችንም እስከ ዛሬ የሻማ ሽታ አለው።

የማኅበራችን ዋና ልማድ የተጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። የተኮሰ ሁሉ ሽጉጡን በዚያኑ ዕለት በሙቅ ውኃና በሳሙና፣ በገዛ እጁ ያጥባል። ካጠበ በኋላ አድርቆ ዘንጉን ቅባት ይቀባል፤ አቶ ዌንደልም ያዩለታል። ይህ ሳያልቅ እራት አይቀርብም። ባቄላውና የበቆሎ ዳቦው እንደ ተሸፈነ ይቀመጣል፤ የራበው ሰው ቢለምንም ቢቆጣም ክዳኑ አይነሣም። አቶ ዌንደል የሁሉንም ካዩ በኋላ፣ የትርኢቱን መክፈቻ ወደ ሰማይ የሚተኩሱበትን የራሳቸውን ሽጉጥ በመጨረሻ ያጥባሉ፤ የሚበሉትም ከሁሉ በኋላ ነው።

በ2003 አንድ አባል አፈሙዙን ሲወለውል ጨርቁ ውስጥ ቀርቶበት ሳያውቅ ሽጉጡን ወደ ጎዳና ሊያወጣ ነበር። እርሳስ የሌለው ጥይት በራሱ አደጋ አለው፤ ከፊቱ የተወተፈ ነገር ካገኘ ደግሞ ያንኑ እንደ እርሳስ ይወረውረዋል። አቶ ዌንደል የነሐስ ዘንግ በአፈሙዙ ሲለቁ ድምፁ ድፍን ሆነባቸውና ሽጉጡን ከሰውየው እጅ ቀሙት። ከዚያ ወዲህ ከትርኢት በፊት ጥይት ሳይጎርስ፣ በሕዝብ ፊት፣ በእያንዳንዱ ሽጉጥ ዘንግ ይለቀቃል። ነሐሱ ቅጭል ካለ ያልፋል፤ ካላለ ሽጉጡ ወደ መሣሪያ ክፍል ይመለሳል።

ሰው ላይ በቀጥታ እንዳናነጣጥር፣ ከጎን አሳልፈን እንድንተኩስ፣ ሰው በጣም ሲቀርበን ጭራሽ እንዳንተኩስ ያስተማሩንም እርሳቸው ናቸው። በእርሳቸው ዘመን በትርኢታችን የተጎዳ ሰው የለም። ሲያስተምሩ ይጮኹ ነበር፤ ጩኸታቸው አሁን እንዲህ ይናፍቀናል ብለን አላሰብንም ነበር።

የሐዘን መግለጫ እንደ ደንቡ እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። ነገር ግን በከተማው «ማኅበሩ የሟችን ሽጉጥ ለቤተሰቡ ከለከለ» እየተባለ ስለሚወራ፣ የሆነውን እንዳለ ለመግለጽ ተገደናል።

አቶ ዌንደል እሑድ ማታ የወደቁት የሁላችንንም አይተው የራሳቸውን ሊያጥቡ እጅጌያቸውን ሲሰበስቡ ነው። ሽጉጣቸው ከነጥላሸቱ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። በማግሥቱ አቶ ሃርላን ውኃ አፍልተው ሊያጥቡት ሲሉ ወይዘሮ ኒታ ደረሱ።

«እንዳትነካው!» አሉ።

«ኒታ፣ እኮ ላጥበው ነው።»

«ሰማሁህ። አትነካውም አልኩህ። እዚያ ውስጥ ያለው የመጨረሻ ተኩሱ ነው። አጥበህ በቧንቧ ልታፈስብኝ ነው?»

«ብረቱን ይበላዋል እኮ፣ ኒታ።»

«ይብላው! እኔን ምን እየበላኝ እንደሆነ ጠየቅከኝ?»

አቶ ሃርላን የፈላውን ውኃ ከጠረጴዛው አነሡ። ወይዘሮ ኒታ ሽጉጡን በፎጣ ሸፍነው፣ ቤት ወስደው ለማየት አቅም ስላጡ፣ እኛው ዘንድ አስቀምጠውት ሄዱ። ማኅበሩ የከለከለው ነገር የለም። የተሰጠውን አደራ ነው የጠበቀው፤ አደራው ግን እንቅልፍ የሚነሣ ሆነ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። ይህ ጥላሸት እርጥበት እንደሚስብ፣ እርጥበቱም ብረት እንደሚያዝግ ያስተማሩን ባለሽጉጡ ራሳቸው ናቸው። አንዳችን መጥቶ ፎጣውን ገለጥ ያደርጋል፣ ያሸታል፣ መልሶ ይሸፍናል። ሌላው ይመጣል። ረቡዕ ዕለት አፈሙዙ ጫፍ ላይ ቀላ ያለ ነገር ታየ። ሐሙስ ወደ ከበሮው አለፈ። የሰው ሽጉጥ ነው፤ ሚስቱ አትንኩ ብላለች። ካልነካነው ደግሞ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የተቆጣበትን ነገር በገዛ ሽጉጡ ላይ እያየን ዝም ልንል ነው። በዚህ ላይ ያልታጠበ ሽጉጥ ጎዳና እንዳይወጣ ደንቡ ይከለክላል፤ አቶ ዌንደል ግን በቀብሬ ዕለት የራሴ ሽጉጥ ይተኮስ ሲሉ ሁላችንም ሰምተናል።

በጉዳዩ ላይ ስብሰባ ተደርጓል። ወይዘሮ ሬቫ አንድ ሐሳብ አቀረቡ።

«በድብቅ እንጠበውና መልሰን ጥላሸት እንቀባው።»

«ጥላሸት ከየት አምጥተን?» አሉ አቶ ሃርላን።

«ከምድጃ ነዋ! ኒታ በምን ታውቃለች?»

«ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ሸሚዙን ያጠበች ሴት ከሽታው ታውቃለች። አንቺ ድሮም ዘራፊ ነሽ፣ ሬቫ።»

ሐሳቡ ውድቅ ሆነ። ወይዘሮ ሬቫ ራሳቸውም ተቃውመው ድምፅ ሰጡ፤ ከዚያም ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው አለቀሱ። ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ።

የዚህ መግለጫ ረቂቅ እስከዚህ ድረስ ብቻ ነበር። ዛሬ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ኒታ ዝናብ እንደ መታቸው መጡ። ማንንም ሳያናግሩ ፎጣውን አነሡ። የእኛን ሽጉጦች በየመስቀያቸው ተወልውለው አዩ፤ መልሰው የባላቸውን አዩ። ጣታቸውን አፈሙዙ ላይ አሳረፉ፤ ጣታቸው ቀይ ሆነ።

«ይሄ ዌንደል አይደለም» አሉ። ቆይተውም «ውኃ አፍሉልኝ» አሉ።

አቶ ሃርላን እጅጌያቸውን መሰብሰብ ሲጀምሩ ወይዘሮ ኒታ ገፋ አደረጓቸው።

«አንተ ቁም። እኔ ነኝ የማጥበው። ከቶ ነክቼው አላውቅም፤ ከየት እንደምጀምር ንገሩኝ እንጂ እጃችሁን አታስገቡ።»

ወይዘሮ ሬቫ አጠገባቸው ቆመው ነገሯቸው። መጀመሪያ መምቻውን ሳብ አድርገው በየቀዳዳው ጥይት አለመኖሩን እንዲያዩ፤ ከዚያ ዘንጉን ነቅለው ከበሮውን እንዲያወጡ። ዘንጉ ደርቆ ስለ ያዘ በብዙ ግፊት ወጣ። ሙቁ ውኃ ጥላሸቱን ሲያገኘው የተበላሸ እንቁላል ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሁላችንም ለምደነዋል፤ ዛሬ ግን ማንም ቀና ብሎ ሌላውን ማየት አልቻለም።

«ይሄው» አሉ ወይዘሮ ኒታ። «እሑድ እሑድ በር ላይ ‹ሸሚዝህን አውልቀህ ግባ፣ ትሸታለህ› የምለው ይሄንን ነው።» እጃቸውን ውኃው ውስጥ እንደ ከተቱ ቆሙ፤ እንባቸው ማጠቢያው ሳህን ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እኛም አለቀስን፤ ይህን በመግለጫ መጻፍ ባይለመድም አልቅሰናል።

ውኃው ከሰል መሰለ። አቶ ሃርላን እንደ ልማዱ ሊደፉት ሳህኑን ሲያነሡ ወይዘሮ ኒታ እጃቸውን ያዙ።

«ወዴት ነው?»

«ልደፋው ነው፣ ኒታ። ቆሻሻ ነው እኮ።»

«ከደፋኸው ወዮልህ! ብልቃጥ ነገር የላችሁም?»

ከመደርደሪያው በኮምጣጤ የተቀመጠ ኪያር የነበረበት የብርጭቆ ማሰሮ ተገኘ። ወይዘሮ ሬቫ አለቀለቁት። ጥቁሩን ውኃ ጠብታ ሳያፈሱ ገልብጠው ክዳኑን ጠበቅ አድርገው ዘጉት፤ ወይዘሮ ኒታ በኮታቸው ኪስ ከተቱት።

«ምን ታደርጊዋለሽ?» አሏቸው ወይዘሮ ሬቫ።

«እኔ እንጃ። የመጨረሻ ተኩሱ ግን እኔ ጋ ነው። ሽጉጡን አሁን እንዳሻችሁ።»

ሽጉጡ ደርቆ ቅባት ከተቀባ በኋላ፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ከጥፍር የማትበልጥ የዝገት ጠባሳ አልለቅ ብላ ቀርታለች። ወይዘሮ ኒታ «እሷ ትቅር» ስላሉ አልፈቀፈቅናትም። በመጨረሻም የነሐሱን ዘንግ ራሳቸው በአፈሙዙ ለቀቁት፤ ቅጭል አለ። የሽጉጥን መውጣት የሚፈቅዱት ሁልጊዜ አቶ ዌንደል ነበሩና ማን «ያልፋል» እንደሚል ጠፍቶን ተያየን። ወይዘሮ ኒታ «ምን ትጠብቃላችሁ? ያልፋል!» ብለው ጮኹብን። ከእሑድ ወዲህ ትንፋሻችን የተመለሰው ያኔ ነው።

ማኅበራችን ለወይዘሮ ኒታ ታገርት፣ ለዘመዶቻቸው፣ ከአቶ ዌንደል ጋር በየእርባታው ለሠሩ ባልደረቦቻቸውና ለከተማችን ሕዝብ በሙሉ መጽናናትን ይመኛል። ነገና እሑድ ትርኢት የለም። ከዚያ በኋላ ያለውን ገና አላሰብነውም።

የቀብሩ ሥነ ሥርዓት ነገ ቅዳሜ በከተማው መካነ መቃብር ይፈጸማል። በአቶ ዌንደል ሽጉጥ የሚተኩሱት ወይዘሮ ሬቫ ኮልተር ናቸው፤ አፈሙዙ ወደ ሰማይ ሆኖ፣ በልጆች አጠገብ ሳይሆን፣ ባለሽጉጡ እንዳስተማሩት። ከዚያ በኋላ ለቀስተኛው ሁሉ ለምሳ ወደ ማኅበሩ አዳራሽ እንዲመጣ ቤተሰቡ ጋብዟል። ሽጉጡን የሚያጥቡት ግን ወይዘሮ ኒታ ናቸው። እጃቸው ገና አልለመደም፣ ጊዜ ይወስድባቸው ይሆናል። የራበው ሰው ቢኖር ይታገሣል፤ እርሳቸው አጥበው እስኪጨርሱ ድረስ ክዳኑ አይነሣም።

የድራይ ፎርክ የጎዳና ትርኢት ማኅበር